ትንሿ አይጥና ሁለት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊው እጁን ያጣው ተኝቶ ነው። ወድቆ ወይም ማሽን ነክሶት ቢሆን ሰው ከንፈር ይመጥለት ነበር። እሱ ግን ለአንድ ትልቅ ሆቴል አስተናጋጆች አርባ ኮት ቆርጦ ጨርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቀኝ ክንዱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሻግሮ ጣለና “አንድ አፍታ ዓይኔን ልክደን” አለ። አፍታዋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሄደች።

ሴት ልጁ ከአጠገቡ የስፌት ማሽኑ ላይ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር ያልተነሳች ሴት ናት፤ አባቷ በሥራ ሰዓት ሲያንኮራፋ ግን ሰምታ አታውቅም። የማሽኑ ድምፅ እንዳይቀሰቅሰው ብላ አጠፋችውና ቁልፉን ሁሉ በእጇ ስትተክል ዋለች። በር ላይ የመጣውን ደንበኛም ሁሉ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ መለሰችው።

ሲነቃ ቀኝ እጁ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ካልሲ።

“ቀና በል” አለው ልብስ ሰፊው እጁን።

እጁ እንዳልሰማ ሆነ።

ሐኪሞቹ የነገሩት አጭር ነው። በክንድ ጀርባ የሚዞር ነርቭ አለ፤ የወንበሩ ጠርዝ ሲጫነው ውሎ ተኝቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይነቃል፤ መቼ እንደሚነቃ ግን እሱን መጠየቅ ነው።

“እኔ ለአራት ሰዓት ብተኛ እሱ ስንት ወር ሊተኛ ነው?” አለ ልብስ ሰፊው።

እዚህ ላይ ስለ መቀሱ መናገር ያስፈልጋል። በሱቁ ውስጥ ትንንሽ መቀሶች ብዙ ናቸው፤ ክር መቁረጫ፣ ወረቀት መቁረጫ፣ ደንዞ የተረሳም አለ። ትልቁ መቀስ ግን አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ የቆረጠ፣ የጣት ማስገቢያ ቀለበቱ በልብስ ሰፊው አውራ ጣት ቅርጽ ተበልቶ የተስተካከለ። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። “መቀስ እጅ ይለምዳል፤ ሌላ እጅ ሲነካው ያኮርፋል” ይላል። ልጁ እንኳ፣ ሙሉ ልብስ ዓይኗን ጨፍና መስፋት የምትችለው ልጁ፣ ትልቁን መቀስ የምታውቀው በጨርቅ ጠቅልላ ስታስቀምጠው ብቻ ነው።

ስለዚህ እጁ ሲተኛ ሱቁም ተኛ። የተቆረጡትን የሆቴል ኮቶች መስፋት፣ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ብቻ ቀረ። ያልተቆረጡት ጨርቆች የባለቤቶቻቸው ስም ተለጥፎባቸው መደርደሪያ ላይ ተደራረቡ።

ይህን ሁሉ ከሦስት በር በታች ሆኖ የሚያይ አንድ ሰው ነበር። ዱሮ የልብስ ሰፊው ተለማማጅ ነበር፤ ዛሬ የተሰፋ ልብስ ከነማንጠልጠያው ይሸጣል፤ ሰዉም “ዝግጁ” ይለዋል። ዝግጁ ልክ የሚባል ነገር አይሸጥም፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ይሸጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ በር ላይ ብቅ አለና፦

“ጋሼ፣ ቤቱንም ጠረጴዛውንም መቀሱንም እንዳለ እረከባለሁ። ልጅዎንም ከነማሽኗ እይዛታለሁ። ሲበቃዎት አንድ ቃል ይበቃል” አለ።

ክፋት አልነበረውም። ልብስ ሰፊውን ያናደደውም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢኖረው ይሰድበው ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ከሥሩ ጂም አለ፤ በሩ ላይ ክንዱ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ሰውዬ ተሥሎበታል። ታች ብረት ሲወድቅ ላይ የውሃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ታች ያሉት ጎረምሶች “ማስል ላወጣ ነው” ብለው ይከፍላሉ፤ ላይ ያሉት የነበራቸውን ለማስመለስ።

ክፍሉን የምትመራው ወጣት ሴት ናት። ታካሚው ሁሉ “ዶክተር” ይላታል፤ “ዶክተር አይደለሁም” ብላ ብላ ሲታክታት ትታዋለች። መስኮቱ ሥር ካለው የማይሄድ ብስክሌት ላይ ደግሞ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ተቀምጦ ፔዳል ይመታል። ጉልበቱ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነው። መምህሩ ያልተጠየቀውን የመመለስ አመል ስላለው፣ አጠገቡ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። አዲሱን ታካሚ፣ ልብስ ሰፊውን፣ እዚያ አስቀመጡት።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚነቃው ይሄኛው ማስል ነው” አለች ዶክተሯ፣ ከክርኑ በላይ ጀምራ ወደ አውራ ጣቱ በኩል በጣቷ እየሳበች። “አውራ ጣትዎን ወደ ላይ አድርገው ክንድዎን ሲያጥፉ እዚህ ጋ ብቅ ካለ፣ ነርቩ መጣ ማለት ነው። ሌላው እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው።”

ቦታውን ልታሳየው በስክሪብቶ ልታሰምር ሞከረች። ስክሪብቶው ቆዳው ላይ አልጽፍ አለ። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ከኪሱ ጠፍጣፋ የልብስ ጠመኔ አወጣና ሰጣት። አሰመረች። ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው።

“ጠሟል” አለና አብራው ወደመጣችው ልጁ ዞረ። “ልጄ፣ ነይ አስተካክዪው።”

ልጁ በአንድ ምት ቀጥ ያለ መስመር አወጣች። ዶክተሯ ሳቋን ዋጠች።

“ለመሆኑ” አለ መምህሩ ከብስክሌቱ ላይ፣ “ማስል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?”

“ጡንቻ ነዋ።”

“እሱማ ፍቺው ነው። እኔ የምጠይቅህ ከየት እንደመጣ ነው።”

“ከታች” አለ ልብስ ሰፊው። “ከጂሙ።”

መምህሩ ፔዳሉን አላቆመም። አርባ ዓመት ከዚህ የባሰ መልስ ሲሰማ ኖሯል። “ከላቲን ነው” አለ። “ሙስ ማለት አይጥ ነው። ሙስኩሉስ ማለት ደግሞ ትንሿ አይጥ። ፈረንሳዮች ያዟት፣ እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ወሰዷት። የጥንት ሰው ክንዱን አጠፍ ዘርጋ ሲያደርግ ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር ሽር ሲል አየና ‘ትንሽ አይጥ ገብታለች’ አለ። ግሪኮቹም ያው ናቸው፤ ለሁለቱም አንድ ስም ነው የሰጡት።”

“ታዲያ ክንዱ የታመመ ሰው ሲመጣ ድመት ነበር የሚያዙለት?”

“ደሞ እንግሊዝኛው ሲጻፍ” ቀጠለ መምህሩ፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣ “መሀሉ ላይ ‘ሲ’ የምትባል አንዲት ፊደል አለች። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ስንቱን ተማሪ አስለቅሳብኛለች።”

“ምን ትሠራለች ታዲያ?”

“ምንም። ቁጭ ብላለች።”

ልብስ ሰፊው የተንጠለጠለ እጁን አየው። “ገባኝ” አለ።

መጀመሪያ ቀልድ ይምሰል እንጂ ነገሩ ከሆዱ አልወጣም። ነርቭ ታይቶ አይታወቅም፤ ሐኪም ስላለ ብቻ ማመን ነው። አይጥን ግን ማንም ያውቃታል። ትደበቃለች፤ ሞታለች ስትባል ብቅ ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሱቁ ሲከፈት ልጁ በጠመኔ መስመሯን ታወጣለች፤ እሱ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ክንዱን ያጥፋል፤ ሁለቱም አፍጥጠው መስመሩን ያያሉ።

“አይጧስ?” ትላለች ልጁ።

“የለችም።”

“ትላንት ግን የሆነ ነገር ያየሁ መስሎኝ ነበር።”

“እሱ ዝንብ ነው።”

ይህንን ንግግር በር ላይ የሰማች አንዲት ደንበኛ በማግስቱ መጥታ “ይቅርታ፣ ቤታችሁ አይጥ ገብቷል አሉ፤ ጨርቄን ልውሰድ” አለች። ልጁ ብታስረዳት፣ ሴትየዋን በአባትየው ክንድ ውስጥ ያለችው አይጥ ይበልጥ አስደነገጠቻት። ጨርቋን ታቅፋ ወጣች። ሌሎች ሁለት ደንበኞችም ተከተሏት። መደርደሪያው መሳሳት ጀመረ።

ልብስ ሰፊው ግን አንድ የሚያጽናናው ነገር ነበረው፤ ቁጥር። ዶክተሯ በመጀመሪያው ቀን “የማይሠራ ማስል ይከሳል፤ ክንድዎ እንዳይሳሳ በየሳምንቱ እንለካለን” ስትል፣ “ለመለካትማ ከኛ ወዲያ” ብሎ ነበር። እሷም “እውነትዎን ነው” አለችው። በየሰኞው ጠዋት ልጁ ከክርኑ አራት ጣት ዝቅ ብላ በሜትር ትለካዋለች፤ በደንበኞች የልክ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ዶክተሯ ቁጥሩን ከእሱ አፍ ተቀብላ ካርዱ ላይ ትገለብጣለች። ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት። አይጧ ባትታይም ጎጆዋ አልፈረሰም ማለት ነው።

በአራተኛው ሰኞ ልጁ የመጨረሻዎቹን ኮቶች ሆቴሉ ልታደርስ ማልዳ ወጣች። ልክ ሳይወሰድ ቀረ። ዶክተሯ “ችግር የለም፣ እኔው ልለካዎት” አለችና ከኪሷ ሜትር አወጣች። ጠመጠመች፣ አየች። እንደገና ጠመጠመች፣ አየች። ከዚያ ካርዱን አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

“ስንት ነው?” አለ።

“ሃያ ስድስት” አለች። “ሐሙስ ደግመን እናየዋለን ጋሼ። አይጨነቁ።”

“አይጨነቁ” የሚባለው መቼ እንደሆነ ልብስ ሰፊው ያውቃል። እሱም ለደንበኛ “አይጨነቁ” የሚለው ኮቱን አበላሽቶ ሲሆን ነው። ደሞ ሁለት ሴንቲ ለሌላው ሰው ሁለት ሴንቲ ነው፤ ለእሱ ጃኬት ከባለቤቱ ጋር የሚጣላበት ስፋት ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ሴንቲ ከከሳ፣ በሁለት ወር ክንዱ የመጥረጊያ እንጨት ሊሆን ነው።

መምህሩ ከብስክሌቱ ላይ “ምነው ዝም አልክ?” ቢለው፣ “አይጧ ሞታለች” አለና ደረጃውን ወረደ። ታች ጎረምሶቹ መስታወት ፊት ቆመው ክንዳቸውን ያጥፋሉ፤ በየቆዳቸው ሥር የጠገበ አይጥ ይመላለሳል። ፊቱን አዙሮ አለፈ።

የዝግጁ ሱቅ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። “በቃኝ” አለ። “ነገ ና።”

በማግስቱ ዝግጁ ሲገባ ልጁ ማሽኗ ላይ ነበረች። አባቷ አልነገራትም ነበር። ትልቁ መቀስ ከጥቅልሉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ነው የገባት።

“አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?”

“ሥራው አልቋል” አለ ልብስ ሰፊው ወደ መስኮቱ እያየ። “አንቺ እሱ ጋ ትሠሪያለሽ። ተነጋግረናል።”

“ከማን ጋር ተነጋገርክ? እኔ የቤት ዕቃ ነኝ?”

“ክንዱ ከስቷል ልጄ። ሁለት ሴንቲ። ዶክተሯ ራሷ ናት የለካችው።”

ልጁ ለአንድ ወር ስታብሰለስለው የኖረችው ነገር ወጣ። “ያን ቀን ብቀሰቅስህ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዲህ በቀላሉ አትሸጠውም። ክንድህን አምጣ!”

ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አወረደች። አራት ጣት ከክርኑ ዝቅ አለች፣ ጠመጠመች፣ አነበበች።

“ሃያ ስምንት።”

“ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።”

“ና አንተው አንብበው! ዝግጁ፣ አንተም ና! ስንት ይላል?”

ዝግጁ አጎንብሶ አየ። “ሃያ ስምንት ይላል ጋሼ።”

“ትላንት ሃያ ስድስት ነበር። በአንድ ሌሊት ወፈርኩ?”

“እሷ እንዴት አድርጋ ነው የለካችህ?” አለች ልጁ።

“እንዴት ይለካል? እንዲህ ነዋ” ብሎ የሜትሩን ጫፍ በአገጩ ይዞ በግራ እጁ ክንዱ ላይ ጥብቅ አደረገው።

“ጣቷንስ?”

“የምን ጣት?”

መጀመሪያ የሳቀው ዝግጁ ነው። ሱቅ ሊገዛ የመጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። “ሁለት ጣት!” አለ። “ጋሼ፣ ሁለት ጣት! ስንት ጊዜ ነው በዚህ የተቆጡኝ? ‘ሜትሩ ሥር ሁለት ጣት አስገባ፣ ሰው ይተነፍሳል፣ ሬሳ አይደለም የምታለብሰው!’ እያሉ። ልጅዎ እኮ ያስተማሯትን ነው የምታደርገው! ዶክተሯ ምን ታውቃለች፤ ሥጋውን ብቻ ነው የለካችው!”

ልጁ በሜትሩ ሥር የገቡትን ሁለት ጣቶቿን አየቻቸው፤ እዚያው ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ከዚያ ወጥተው ስለማያውቁ እንዳሉም አታውቅም ነበር።

“አውጪያቸው” አለ አባቷ በቀስታ።

አወጣቻቸው። ሃያ ስድስት። ግራ ክንዱንም በዚያው አለካክ ለካችው። ሃያ ስድስት ተኩል።

“ግማሽ ሴንቲ” አለ ልብስ ሰፊው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ያው ወንበር ላይ፤ ክንዱን ግን ጭኑ ላይ አደረገ። “ግማሽ ሴንቲማ በካውያ ይጠፋል።”

ዝግጁ ዓይኑን ጠረገና ትልቁን መቀስ አየው። ሊያነሳው እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እንደገና ሰበሰበው። “እንግዲህ አንድ ወር እንጠብቅ” አለ። “እኔ እንደሆነ ልብሴ ተሰፍቶ አልቋል፤ አልቸኩልም።”

ሐሙስ ልጁም አብራው ወጣች። ዶክተሯ ታሪኩን ስትሰማ ካርዱን አወጣችና ሦስቱን ሃያ ስምንቶች ሰርዛ ከጎናቸው የሆነ ነገር ጻፈች። ልጁ ሰረቅ አድርጋ አነበበችው፤ “ከነትንፋሹ” ይላል።

“በሉ ጋሼ፣ እንሞክር።”

ክርኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ አውራ ጣቱ ወደ ላይ። ልጁ መስመሯን አወጣች፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለች። ዶክተሯ መዳፏን ከአንጓው በላይ ጫነችና “ይግፉኝ” አለች። ገፋ። ምንም። “ይድገሙት።” ምንም። ታች ብረት ወደቀ፤ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ።

“መምህር” አለ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከመስመሩ ሳይነቅል፣ “እነዚያ የጥንት ሰዎች፣ አይጧ አልወጣ ስትላቸው ምን ያደርጉ ነበር?”

“የተጻፈ ነገር የለም” አለ መምህሩ። “እኔ ግን አይጥ ሲጮሁባት አትወጣም ባይ ነኝ።”

ልብስ ሰፊው ትከሻውን አላላ። ለአንድ ወር ያህል ክንዱን ሲያዝ ነበር የኖረው፤ ቀና በል፣ ና፣ ውጣ። አሁን ዝም አለው። አንድ ያላለቀ ሥራ ታሰበው፤ መደርደሪያው ላይ የቀረ ግራጫ ሱፍ አለ፤ ባለቤቱ የአይጧንም ወሬ ሰምቶ ጨርቁን ያልወሰደ ብቸኛ ሰው ነው። የኮቱን የፊት ክፍል በሐሳቡ ዘረጋው፤ መቀሱን አነሳ፤ ከአንገቱ ጀመረ።

የጠመኔው መስመር ከክርኑ ዝቅ ብሎ ተሰነጠቀ።

ትንሽ ነገር ናት፤ ጠመኔው ፍርፍር ብሎ አንዲት ነጭ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ከሥሩ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ተመለሰ።

“ዝንብ ነው?” አለ ልብስ ሰፊው።

“የምን ዝንብ!” አለች ልጁ። “አባዬ፣ የምን ዝንብ!”

ዶክተሯ ሁለት ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ “እንደገና” አለች። እንደገና መጣ፤ ደከም ያለ፣ ግን የማይካድ። “እሱ ነው” አለች። “ነርቩ መጥቷል። አንጓውና ጣቶቹ ገና ናቸው ጋሼ፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ግን መንገድ ጀምሯል።”

ክፍሉ ጸጥ ማለቱን ያወቁት ያኔ ነው። የመምህሩ ብስክሌት ቆሟል። አራት ወር ሙሉ ሰዓቱ ሳይሞላ ቆሞ የማያውቀው ብስክሌት።

“ደረሱ እንዴ መምህር?” አለ ልብስ ሰፊው።

“እኔማ የት እደርሳለሁ” አለ መምህሩ መነጽሩን እየጠረገ። “አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሳስተምር፣ አይጧን ሳያት የዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።”

ሱቁ እንደደረሱ ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ግራጫውን ሱፍ ከመደርደሪያው አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ልጁ ስፌት ያለ መስሏት ወደ ማሽኗ ሄደች።

“ወዴት ነው?” አለ። “ይሄንን ማን ሊቆርጠው ነው?”

ዞራ አየችው። ትልቁን መቀስ በግራ እጁ ስለቱን ይዞ፣ እጀታውን ወደ እሷ አድርጎ ዘርግቶላታል።

“ያኮርፋል ብለህ አልነበር?”

“ያኩርፍ። አንድ ወር ሙሉ ሥራ ፈቶ ከተኛ በኋላ ምን ማኩረፍ አለው?” አለ። “ያን ቀን ስላልቀሰቀስሽኝም አትብሰልሰዪ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከሠርጌ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።”

ልጁ መቀሱን ተቀበለችው። ከመሰላት በላይ ከባድ ነው። አውራ ጣቷን በአባቷ አውራ ጣት ቅርጽ በተበላው ቀለበት ውስጥ አስገባች፤ ወዲያ ወዲህ አለባት።

“ሰፋሽ?” አለ።

“ትንሽ። ትርፍ አለው።”

“ደህና ነው” አለ ልብስ ሰፊው፣ የቀኝ ክንዱን ጨርቁ ላይ አሳርፎ እንዳይሸሽ እየያዘላት። “ታድጊበታለሽ። በይ፣ ከአንገቱ ጀምሪ።”